በገና ጾም የተጠበሰ ፍሬን

የጎማው ዳዶ እምቢ አለ። ገሠሠ የጎማ መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለበት፤ እምቢ። ወጥቶ ቆመበት፤ እምቢ። ናፍጣ አጠጥቶት ጥቂት ታገሠና እንደገና ታገለው፤ አሁንም እምቢ። ማነው እንዲህ አድርጎ ያጠበቀው ብሎ ሊራገም አፉን ሲከፍት፣ ያጠበቀው ራሱ መሆኑ ትዝ አለው። ገሠሠን ከዛገ ዳዶ የባሰ የሚያበግነው ነገር ቢኖር የሚራገመው ሰው ማጣት ነው።

ይህ የሆነው ሞላሌ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ግቢው ውስጥ፣ ሚሊኒየሙ ከገባ በኋላ በነበረው ኅዳር ነው። ገሠሠ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም በረዳትነት ከመንዝ ወጣ፤ ሾፌር ሆኖ አሰብ ወርዶ ወጣ፤ አሰብ ሲቀር ደግሞ ጅቡቲ ተመላለሰ። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ወደ አባቱ ቦታ ተመልሶ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ አንዲት አሮጌ ነጭ ኮሮላ ገዛ፣ በገበያ ቀን ሰው እያመላለሰ ኑሮውን ቀጠለ። ኮሮላዋን መካኒክ ነክቷት አያውቅም። «መካኒክ አንዱን ሲፈታ ሁለቱን ያላላል» ይላል። ሚስቱ አየለች ግን ነገሩ ሌላ ነው ባይ ናት። ገሠሠ ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት አይችልም፤ እሷ ወጥ ስትሠራ እንኳ ከጎኗ ቆሞ ጨው በዛ የሚል ሰው ነው።

አሁን የተቸገረው በፍሬን ነው። ከወራት ወዲህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥበት ጀመር። ከጎማው ጋር የሚሽከረከሩት ዲስኮች፣ የፍሬን ሸራው ከሁለት ወገን ነክሶ የሚያቆማቸው እነዚያ ክብ ብረቶች፣ ሳስተውና ተጣመው ኖሯል። ሁለት አዲስ ዲስክ ከነሸራቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላከ። በጆንያ ተጠቅልለው ሲደርሱት እንደ አራስ ልጅ ታቅፏቸው ገባ።

ያጣደፈው ደግሞ እናቱ ናቸው። እማማ አመተሥላሴ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በኮቴው፣ ዕቃ የሚለዩት በመዳፋቸው ነው። ቀበሌው ስለ እርከን ሥራ በጠራው ስብሰባ ላይ፣ የዓይን ሐኪሞች ደብረ ብርሃን መጥተው ሞራ እንደሚያነሡ ተነገረ። ገሠሠ ያን ዕለት ስለ እርከኑ አንድም ቃል ሳይሰማ እናቱን አስመዝግቦ ተመለሰ። ቀጠሮው ኅዳር ሃያ ሦስት ጠዋት ነው። ከቀኑ የቀረ ሰው ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ እግዜር ይወቅለት ተባለ። በአውቶቡስ ውሰዳቸው ያለው ሰው አልታጣም፤ ነገር ግን እማማ አመተሥላሴ ባለፈው በጋ የአውቶቡስ ደረጃ ስተው ወድቀው ነበርና፣ «ከልጄ መኪና በቀር እግሬን አላነሣም» ብለዋል።

ስለዚህ ኅዳር ሃያ፣ ገሠሠ ክሪኩን አውጥቶ ኮሮላዋን አነሣት፤ የኋላ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደገፈ፣ ከሥሯ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ወተፈ፣ ከዳዶው ጋርም ትግል ገጠመ። ዳዶው ከቀትር በኋላ ለቀቀ። የቀኙ ዲስክ ሳያስቸግር ወጣ። የግራው ግን ከዝገት ጋር ተጋብቶ እንደ ክፉ ጎረቤት ቦታዬን አለቅም አለ። ገሠሠ መዶሻውን አነሣ።

የመንዝ ሰው ደግሞ፣ ጎማዋ ወልቆ በጉማጅ ላይ የቆመች መኪና ሲያይ እንደ ታመመ ሰው ነው የሚያያት። በመንገድ ያለፈው ሁሉ ጎራ ይላል፤ «እግዜር ያውጣህ» ይላል፤ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል። አንዱ፣ የወንድሙ ልጅ የሚሠራበት መኪና እንዲህ ሆኖ ቀረ ብሎ አወጋው። ሌላው፣ ጎማ አራት ስለሆነ በሦስቱ መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ገሠሠ ጥርሱን ነክሶ መዶሻውን ይሰነዝራል፤ ጠያቂዎቹ እየበዙ፣ ብርሃኑን እየከለሉ ይቀመጣሉ። ሂዱልኝ እንዳይል ነውር ነው፤ ሊጠይቁት መጥተዋላ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ቢል ጊዜ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና እውነትህን ነው ብለው እዚያው ተቀመጡ።

የመጨረሻው ጠያቂ ጌጡ ነው። ጌጡ ከታች በኩል ያለ ጎረቤቱ ሲሆን፣ የደብሩ ምእመናን በዓል እንዳይሽሩ ዓይኑን አይነቅልም። ከሩቁ እጁን እያወዛወዘ መጣ።

«ገሠሠ፣ ኧረ መዶሻውን! የጽዮን ዋዜማ ተደውሏል እኮ!»

«እኔ አላረስኩ፣ አላጨድኩ። የመኪና ፍሬን ነው የምሠራው።»

«ብረት ብረት ነው። ገብሱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። በረዶ ቢያወርድብን ምን ልትል ነው? ጽዮን የመዶሻውን ድምፅ ነው የምትሰማ እንጂ የመኪናህን ሊብሬ አታይልህም።»

«እናቴን ነው የምወስድበት፣ ጌጡ።»

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለበረዶው ንገረው» አለና ጌጡ ቀኙን ግራውን አየ። የተቀመጡት ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ገሠሠ መዶሻውን ወረወረው። ያደረገው ጌጡን ፈርቶ አይደለም። አምና አንዱ በበዓል ቀን ሲወቃ ታይቶ፣ ማግስቱን በረዶ ጣለና የሠፈሩ ሰው እስከ ፋሲካ እሳት ሳይጭርለት ከረመ። ገሠሠ በረሃውንም ሽፍታውንም አልፎ የመጣ ሰው ነው፤ ጎረቤት ያኮረፈው ሰው ግን ሞላሌ ላይ እንዴት እንደሚኖር አያውቅም። አዲሶቹን ዲስኮች ብቻ አነሣ። አዲስ ዲስክ ከፋብሪካው እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ ዘይቱ ካልተወገደ ፍሬን አይይዝም። ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል። በቤንዚን አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ፣ አብለጭልጮ በረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፎ አስቀመጣቸው። ይህ ሥራ ድምፅ ስለሌለው ጌጡም አልተቃወመ።

በጽዮን ዕለት ገሠሠ ከአየለች ጋር ቤተ ክርስቲያን ዋለ። ቅዳሴው አልገባውም፤ ሐሳቡ ሁሉ በግራው ጎማ ነበር። ካህኑ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ ወደ እሱ የሚያዩ መሰለው፤ በዚህም ተናደደ።

ማግስቱን ገና ጉሙ ሳይነሣ ተነሥቶ የግራውን ዲስክ በመዶሻ ነረተው። ዝገቱ ተሰንጥቆ ዲስኩ ሲወድቅ «እልልል!» ያለችው አየለች ናት። ገሠሠ አልሳቀም። ቅዝቃዜው ጣቶቹን አደንዝዟቸዋል፣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶና በዝገት ጠቁሯል። ዲስኮቹን ከጆንያው አነሣ፣ ገጠመ፤ አዲሶቹን ሸራዎች አስገባ፤ ጎማዎቹን መለሰ፤ ዳዶዎቹን አጠበቀ፤ ፔዳሉን እየረገጠ እስኪጠነክር ጠበቀ። ጠነከረ። «ይኸው! ማን ሠራው? ማንም አልሠራው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት!» አለ ለራሱ።

ኮሮላዋን ወደ መንገዱ አወጣትና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘ። ኮሮላዋ ግን አልቆመችም።

ደግሞ ረገጠ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ መኪናዋ ግን ያልሰማች መስላ ትወርዳለች። በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ከታች አቆማት። አፉ ቶሎ ምክንያት አገኘ፦ አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪላመዱ አይነክሱም፤ መላመድ አለባቸው። እውነትም ነው፣ መላመድ አለባቸው። ዳገቱን ወጣ፣ ፍሬን ይዞ ወረደ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ይዞ ወረደ። በስተመጨረሻ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ ቁልቁለቱን ጨረሰና ወደ ግቢው ታጠፈ።

የገሠሠ ግቢ ቁልቁል ነው። ከሥሩ ደግሞ ጌጡ ለማገዶ እንደ ቤት ከፍ አድርጎ የከመረው ኩበት አለ። ኮሮላዋ ግቢውን አቋርጣ፣ ዶሮ በትና፣ የድንጋዩን ካብ አንድ ረድፍ ገፍታ፣ ኩበቱ ውስጥ እስከ መስታወቷ ገባች። ክምሩ ተናደባት። ከዚያ ዝም አለች።

ገሠሠ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲወጣ ከፊት ጎማዎቹ ነጭ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ግን የመኪና ጭስ አይደለም። ሽታ አለው፤ የሚያስጎመዥ ሽታ። መንዝ ተወልዶ የበግ ላት ሲጠበስ የማያውቅ ሰው የለም።

ጌጡ ከቤቱ እየሮጠ ወጣ። መጀመሪያ ኩበቱን አየ፣ ቀጥሎ አፍንጫው ሰማ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ገሠሠ! በገና ጾም? ያውም በኔ ኩበት?»

«ምን በጾም?»

«ጥብሱን ነዋ! ለመደበቅ ነው መኪና ውስጥ ያደረግኸው?»

ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከካቡ ባሻገር ብቅ ብቅ አሉ። አንዷ አማተበች። ገሠሠ ተንበረከከ፤ ጣቱን በጎማው ክፍተት ሰዶ ዲስኩን ነካ፣ ተቃጠለ፣ አሸተተ። ላት ነው። የወፈረ፣ በደንብ የታሸ፣ በእጅ የተዳረሰ ላት።

«ማነው?» አለ። ከዚያ ጮኸ። «ማነው ይሄን ያደረገ? ማነው ሊገድለኝ የፈለገ? አየለች!»

አየለች ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ገሠሠ ወደ ጌጡ ዞረ። «አንተ ነህ! በዓል አክብር ብለህ ዲስኬን በረንዳ ላይ ያሳደርከው አንተ ነህ!» ጌጡም የፈረሰ ኩበቱን እያሳየ መልሶ ጮኸበት። እንዲህ ሲጯጯሁ ከበረንዳው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ ልጄ።»

እማማ አመተሥላሴ ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል።

«ትናንት እናንተ ቤተ ክርስቲያን ሳላችሁ ብዳብሰው ብረቱ ደርቆ፣ ራቁቱን ተኝቶ አገኘሁት። በዚህ ጉም ብረት ራቁቱን አድሮ ይዝጋል እንጂ ምን ይሆናል? የበግ መሸለቻውን መቀስ የማሽበት ላት በገል አስቀምጬ ነበር። እሱን አሸሁልህ። ሁለቱንም። ወገን ከወገን አዳረስኩት።» ከዚያ ወደ ጌጡ ድምፅ ዞር አሉ። «አልቀመስኩም ጌጡ። እጄንም ታጥቤያለሁ።»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎንማ ማን ይጠረጥርዎታል» አለ ጌጡ፣ አፍሮ።

ገሠሠ አፉን ከፈተ፤ ያሰበው ስድብ ሁሉ ምላሱ ላይ ተደርድሯል። ለዲስክ ሻጩ፣ ለመካኒክ፣ ለጌጡ፣ ለጠላቱ ያዘጋጀው ስድብ ነበር፤ ለእናት የሚሆን አንድም አልነበረበትም። ዘወር ብሎ ከቤቱ ጀርባ ሄደና ግድግዳውን በቡጢ መታው። በእናቱ ተናዷል። በእናቱ በመናደዱ ደግሞ ይበልጥ ተናዷል። ነገ ጠዋት ቀጠሮ ነው፤ መኪናዋ ኩበት ውስጥ ናት፤ ፀሐይዋም አትጠብቅም። ይህን ሁሉ ለማን ይናገረዋል? ግድግዳውን ደገመው።

ሲመለስ እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠው አየለችን አመድ አስመጥተዋል።

«ስብ በፍል ውኃና በአመድ ነው የሚለቅ» አሉ። «አውልቀህ አምጣልኝ። እኔ አበላሸሁት፣ እኔ አጥባለሁ።»

«ተዪው እማዬ።»

«አውልቅ አልኩህ!»

አወለቀ። ጌጡ ሳይጠራ መጥቶ ኩበቱን ከላይዋ አነሣ፣ ክሪኩንም ጨበጠ፤ እንደ ይቅርታ ተቆጠረለት። ዲስኮቹን እማማ አመተሥላሴ በአመድ ፈተጓቸው፣ አየለች ፍል ውኃ አፈሰሰች፣ ገሠሠ በስተመጨረሻ በቤንዚን አጠባቸው። አዲሶቹ ሸራዎች ላቱን እስከ አንጀታቸው ጠጥተውታልና ምንም ቢደረጉ አይድኑም። ደግነቱ ሾፌር የሚጥለው ነገር የለም፤ አሮጌዎቹን ሸራዎች ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መለሳቸው። ሳስተዋል እንጂ ለደብረ ብርሃን መንገድ ይበቃሉ።

ማታውን ቁልቁለቱ ላይ ሞከራት። ኮሮላዋ ቀጥ አለች፤ መሪውም አልተንቀጠቀጠ። ገሠሠ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ደክሞት፣ እርቦት፣ እጁ ላት ላት እየሸተተ ስለነበር ደስታውን ለሌላ ቀን አቆየው።

በማግስቱ እማማ አመተሥላሴ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ረጋ ብለው ውዳሴ ማርያም ደገሙ። መኪናዋ ስታዘነብል አብረዋት አዘነበሉ፤ ስትቆም ደርሰናል ወይ አሉ። ገሠሠ አንድ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፔዳሉን ቀድሞ ይነካ ነበር፤ እሳቸው ግን ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ተደላድለዋል። ደብረ ብርሃን በሰዓቱ ደረሱ። የአንዱን ዓይናቸውን ሞራ አነሡላቸው፤ አሳድረው በማግስቱ ፋሻውን ፈቱላቸው። ገሠሠ በበሩ ቀዳዳ ሊያይ ሲል ነርሷ ገፋችው፤ ከእሷ ጋር ሲጨቃጨቅ እናቱ መጀመሪያ ማንን እንዳዩ እንኳ ሳያውቅ ቀረ።

በመልሱ መንገድ ለእሱ ፋታ የለም። «ያ ምንድነው? ያቺ ምን ለብሳ ነው? ይሄ ሁሉ ሽቦ የመብራት ነው? አንተ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» እሱም እየመለሰ፣ ሲሰለቸው እንደ ሾፌር ወግ «ከሾፌር ጋር ወሬ ክልክል ነው» እያለ ይነዳል። ጣርማበርን አልፈው ወደ መንዝ ታጥፈው መንገዱ ገደሉን ሲይዝ ግን ጥያቄው ድንገት ቆመ። ዘወር ብሎ አያቸው። በመስኮቱ ወደ ታች ያያሉ። ከመንገዱ ጠርዝ በታች ገደሉ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ደመና ተኝቷል፣ ከደመናው ሥር ደግሞ ቆላው እንደ ጠፍር ቀጥኖ ይታያል። ዓይናቸው ደህና በነበረበት ዘመን ከሞላሌ ገበያና ከጓሳ ሣር አጨዳ በቀር የትም ሄደው አያውቁም።

«አቁም» አሉ።

ፍሬን ያዘ። ኮሮላዋ ዝንፍ ሳትል ቆመች።

«አየሽ እማዬ? እንዴት እንደያዘ አየሽ?»

እሳቸው ፍሬኑን አልሰሙም። «በዚህ ነው የምትመላለስ የነበረው?»

«ይቺማ ምን አላት። የአሰቡ ይብስ ነበር እኮ» አለ ገሠሠ፣ ሊያጽናና። ካለ በኋላ ምነው አፌን በቆረጠው አለ።

«ይብስ ነበር» አሉ እናቱ። «ያን ሁሉ ዘመን! እኔ ስለ ረኃብህ ስጸልይ። ስለ ወባህ ስጸልይ። ሴት እንዳታታልልህ፣ ሽፍታ እንዳያገኝህ ስጸልይ። ገደል አለ ብለህ አልነገርከኝም!»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊ ነበር፣ እማዬ?»

«ምን ላደርግ? እጸልይበት ነበራ!» ብለው ጮኹበት። ሐኪሙ ያበራላቸው አንዷ ዓይናቸው እንባ ሞላች፤ ሐኪሙ ደግሞ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቋቸው ነበር። «ያን ሁሉ ዘመን ገደሉን ያለ ጸሎት ባዶ ትቼው ነው የኖርኩት! ባዶውን! ማነው የጠበቀህ ታዲያ?»

ገሠሠ መልስ ሲያጣ የሚቆጣ ሰው ነው፤ አሁን ግን ቁጣውም አልመጣ አለው። ፔዳሉን ደግሞ ረገጠው።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ በመጨረሻ።

«ዝም በልና ንዳ። ቀስ ብለህ።»

እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገደሉ ዞሩና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ገና በረዳትነት ከወጣበት ዓመት፣ ከአሰቡ፣ ከጅቡቲው፣ ሁሉንም ዓመት በየተራ እያነሡ ያላደረሱትን ጸሎት ማድረስ ያዙ። ገሠሠም ያን ዕለት እስከ ሞላሌ ድረስ ከሁለተኛ ማርሽ አላለፈም።